ሁለት ኢንች ለድንቢጥ

በስሟ የሚጠራት የለም፤ ድንቢጥ ነው የምትባለው። በደም ባንኩ ግቢ ከቆሙት ግዙፍ ሞተር ሳይክሎች አጠገብ ስትቆም ያያት ሰው "ለምን?" ብሎ አይጠይቅም። ሞተሩ ከሁለት ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ እሷ ከነቦት ጫማዋ፣ ከነሄልሜቷ ሚዛን ላይ ብትወጣ የዚያን ሩብ ብትሞላ ነው። ሞተሩን አቁማ ላዩ ላይ ስትቀመጥ የግራ እግሯ ጣቶች መሬት ይነካሉ፤ ቀኙ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ሥራ የጀመረች ዕለት የግቢው ጥበቃ፣ "እህቴ፣ ደም ለመስጠት ከሆነ በዚያኛው በር ነው። ግን ኪሎሽ የሚበቃ አይመስለኝም" አላት። ትንሽ ቆይታ ያንን የብረት ጉድ አስነስታ በሩ ላይ ጡሩምባ ስትነፋበት ሰውዬው የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ።

የመኪና ሾፌሮቹ ግን መተረቡን አልተዉትም። "ምናለ ትንሿን ሞተር ብትወስድ? ድንቢጥ እንዳቅሟ በብር ትታገማለች" ይሏታል። እሷም አፏ አያርፍም፤ "እናንተ ታግማችሁ ስትጨርሱ ደሙን አቀብሉኝ፣ የማደርሰው እኔ ነኝ" ብላ ሄልሜቷን ትደፋለች። በበረዶ የታሸገውን የደም ሣጥን ከኋላዋ በቀበቶ ጠፍራ ከግቢው ስትወጣ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስቀናል።

መንገዷ ሦስት ጠባይ አለው። መጀመሪያ ተራራውን የሚዞረው አስፋልት፣ ቀጥሎ ኮረኮንች፣ በመጨረሻም በጋ ላይ ውሃው የሚጠፋ የሰፊ ወንዝ አሸዋ። ከአሸዋው ማዶ አንዲት ትንሽ ሆስፒታል አለች። ደም ማከማቻ የላትም፤ የወለደች እናት ደም አልቆም ሲላት አዋላጇ ትደውላለች፣ ድንቢጥ ትነሳለች። መኪና ራቅ ባለው ድልድይ ዞሮ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ድንቢጥ አሸዋውን አቋርጣ ከዚያ በሲሶው ትደርሳለች፤ ካልወደቀች ነው ታዲያ።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ትወድቃለች። የሞተሩ የፊት ጎማ አሥራ ዘጠኝ ኢንች ነው። ተራራው ላይ እንደሱ ያለ ጎማ አይገኝም፤ ገና ዓይኗን ወደ ኩርባው ስትልክ ሞተሩ ሐሳቧን አውቆ ይጋደማል። አሸዋው ላይ ግን ያው ጎማ ጠላት ይሆናል። እንደ አካፋ ይቆፍራል፣ መሪው በገዛ ፈቃዱ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ከዚያ ዱብ! አሸዋ ላይ የፈራ ይሰምጣል፣ ነዳጅ የሰጠ ይንሳፈፋል፤ ይህን ሕግ ድንቢጥ ታውቀዋለች። ግን መሪው እንደዚያ ሲወናጨፍ የማን እጅ ነው ደፍሮ ነዳጅ የሚሰጠው? በወደቀች ቁጥር ሣጥኑን ፈትታ ጥላ ሥር ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ጀርባዋን ለመቀመጫው ሰጥታ፣ በጭኗ እየገፋች ሁለቱን ኩንታል ታነሳለች። ደሙ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ግን ይዘገያል።

የስምሪት ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ጠዋት ቢሯቸው አስጠርተው ወንበር ሰጧት።

"ልጄ፣ ልወቅስሽ አይደለም" አሉ። "ከሚመጣው ወር ጀምሮ ግን መንገዱን ለመኪናው ልሰጠው ነው። አንቺ ከተማ ውስጥ ትሠሪያለሽ።"

"ግማሽ ቀን እኮ ነው ጋሼ! ደም የሚፈሳት ሴት ግማሽ ቀን ትጠብቃለች?"

"ዘግይቶም ቢሆን መኪናው አይወድቅም።"

ለወራት በሆዷ ይዛው የኖረችውን ነገር ዘረገፈችው። "የፊት ጎማውን ልቀይረው። ሃያ አንድ ኢንች ላድርገው። አንድ ጉዞ ብቻ ይፍቀዱልኝ፣ ካቃተኝ ቁልፉን ራሴ አምጥቼ እሰጥዎታለሁ።"

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። "ሁለት ኢንች ምን ሊፈይድ?"

"ጋሼ፣ ቁመቴን እያዩት አይደል? የሁለት ኢንችን ነገር ለእኔ ይተዉት።"

ሳቃቸው አመለጣቸው። አንድ ጉዞ ፈቀዱላት፤ አንድ ብቻ።

የድንቢጥ ባል ጎሚስታ ነው። ጎማ ይለጥፋል፣ ቸርኬ ያቀናል፣ ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ድሮ በትንሽ ሞተር ደብዳቤ ስታድል ጎማዋ በየሳምንቱ በሚስማር ይተነፍስ ነበር፤ ሚስማሩም ሁልጊዜ አዲስ፣ ዝገት ያልነካው ነበር። ራሷ ናት የምትመታው ብሎ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያማታል። እሷ ምላ ተገዝታ ትክዳለች፤ ባሏ ጢሙን እያሻሸ ይስቃል። ቀለበት ሳይገዛላት በፊት የሰጣት ስጦታ አንድ አሥር ቁጥር መፍቻ ነው። በክር አስራ የጃኬቷ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይዛው ትዞራለች።

ይህ ሰው ስለ ጎማ የማያውቀው የለም፤ ሞተር ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። ይፈራል። "በሁለት እግሬ መቆም መቼ አቃተኝና ነው ሁለት ጎማ ላይ የምወጣው?" ይላል። ሁልጊዜ ጠዋት ስትወጣ በሱቁ በር ብቅ ብሎ "ቀስ በይ" ይላታል። "እሺ" ትለዋለች። ያ "እሺ" ከመንገዱ ማዕዘን አልፎ አያውቅም።

"አይሆንም" አላት የኃላፊውን ነገር ስትነግረው፣ ገና ሳትጨርስ።

"ለምን?"

"ችግርሽ ጎማው ሳይሆን እጅሽ ነው፤ መሪውን አንቀሽ ትይዢዋለሽ። ሃያ አንድ ሲሆን ጎማው ይረዝማል፣ ቀጠን ይላል። ተራራው ላይ አልታጠፍም ይልሻል። የሞተሩ አፍንጫም ስለሚነሳ ያቺ የምትመኪባት የእግር ጣትሽ መሬት አትነካም።"

"ሞተር ላይ ወጥተህ የማታውቅ ሰውዬ ስለ ሞተር ታስተምረኛለህ?"

"ሐኪም ሁሉ ታሞ ነው እንዴ የሚያክመው?"

ነገሩ በቃል የሚያልቅ አልሆነም። ከሱቁ ፊት ለፊት ቤት የሚያሠሩ ጎረቤት አሸዋ አስቆልለዋል። ጎሚስታው ከሱቁ አንድ ትንሽ የእጅ ጋሪ ጎማና አንድ ትልቅ የድሮ ብስክሌት ጎማ ይዞ ወጣ። "ነይ፣ በዓይንሽ እዪው! ልዩነቱ የምትዪውን ያህል አይደለም።" ግንበኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ትንሹን ጎማ አንከባለለው፤ አሸዋው ጫፍ ላይ አፍንጫውን ቀብሮ በጎኑ ተጋደመ። ትልቁን ለቀቀው። ትልቁ ጎማ አሸዋው ላይ ወጣ፣ በማዶው ወረደ፣ አልቆመም፤ ቁልቁል መንገዱን ይዞ ግንበኞቹ እያፏጩለት ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባ።

"ቁልቁለቱ ነው" አለ ጎሚስታው ራሱን እያከከ።

ልብስ ሰፊው ጎማውን ተሸክሞ ወጣ። "የማን ነው ይሄ?"

"የኔ ነው!" አለች ድንቢጥ እየዘለለች።

በማግሥቱ ባሏ ከተጋጩ ሞተሮች መጣያ አንድ ሃያ አንድ ኢንች ቸርኬ በትከሻው ይዞ መጣ። ሱቁን ዘጋግቶ መሥራት ጀመረ። ፍሬኑ እንደነበረ እንዲቀር የድሮውን የጎማ እምብርት ከአዲሱ ቸርኬ ጋር ዙሪያውን በተወጠሩ ቀጫጭን ሽቦዎች አያያዘው። እያንዳንዱን ሽቦ በጥፍሩ ነካ እያደረገ ድምፁን ያዳምጣል፣ ያጠብቃል፣ ያላላል፣ እንደገና ያዳምጣል። ድንቢጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስታየው ለደስታዋ ደረቷ አልበቃ አለ። ጎማው ተገጥሞ ሞተሩ ላይ ስትወጣ እግሯን ፈራ ተባ እያለች ሰደደችው። ጣቷ መሬት ነካ! ለካ ባሏ የፊት ጎማውን ያቀፈውን ሹካ በመያዣው ውስጥ ወደ ላይ አንሸራትቶ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎላታል። ቀና ብላ ስታየው ፊቱን አዙሮ መፍቻ መወልወል ጀመረ።

ስለ ተራራው ግን እውነቱን ነበር። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እንደ ልማዷ ዓይኗን ልካ ሞተሩ እስኪከተላት ጠበቀች፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሄደ! ከአስፋልቱ ወጥታ ጠጠሩ ላይ ቆመች። ቤት ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሎ ትስቃለች። "አልታጠፍም አለኝ!"

"ብዬሻለሁ።"

"ብለኸኛል።"

ደጋግማ ወጣች፣ ደጋግማ ወረደች። አሥራ ዘጠኙ ጥቅሻ የሚገባው ጎማ ነበር፤ ሃያ አንዱን ግን ጮክ ብሎ መጥራት ያስፈልጋል። ቀድማ ፍጥነት መቀነስ፣ ቀድማ መሪውን ጠንከር አድርጋ መግፋት ተማረች። አንዴ ከታጠፈ በኋላ ደግሞ ያዘዙትን የማይረሳ ሆኖ አገኘችው።

ስልኩ አንድ ጠዋት ጮኸ። ማዶ ያለችው አዋላጅ ናት፤ አንዲት እናት ወልዳ ደሟ አልቆመም። የተፈቀደላት ጉዞ ይኸው መጣ።

"ቀስ በይ" አላት ባሏ በሱቁ በር ብቅ ብሎ።

"እሺ።"

ከደም ባንኩ ሣጥኑን ጠፍራ ወጣች፤ ተራራውንም በሰላም ጨረሰች። ኮረኮንቹ ላይ ስትገባ ጮኸች፤ ከደስታ ብዛት ነው የጮኸችው! ድሮ የእጅ አንጓዋን የሚነርቱት ድንጋዮች አሁን ከሥሯ እንደ ቀላል ነገር ያልፋሉ፤ ጎማው ከመጋጨት ይልቅ ይወጣባቸዋል። ወንዙ ከሩቅ ታየ። ከአሸዋው ቀደም ብሎ ባለው ዝቅተኛ ቦታ ግን የእርሻ ቦይ ተደርምሶ መንገዱን ቀይ ጭቃ አድርጎታል። ምን ገዷት፣ ገባችበት። ብዙም ሳትሄድ የፊት ጎማው ቀጥ አለ። አይዞርም።

ወርዳ አየች። ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው፣ ለአሥራ ዘጠኙ የተሠራ ነው፤ በእሱና በትልቁ ጎማ መካከል የቀረው ክፍተት ጣት እንኳ አያስገባም። ደረቅ መሬት ላይ ምንም አልሆነም። አሁን ጭቃው ገብቶ ጠቅጥቆ ጎማውን አሰረው። ባልና ሚስት ያን ሁሉ ቀን ስለ አሸዋ ሲጨቃጨቁ ጭቃን ያነሳው የለም! በእንጨት ጫረችው፤ ጥቂት ተንቀሳቅሶ መልሶ ታሰረ። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። ፈራች። ስለ መውደቅ አልነበረም ፍርሃቷ፤ ማዶ ስለተኛችው ሴትና ስለ መንገዷ ነበር። ሁለቱም በአንድ ጭቃ ሊያመልጧት ነው። እጇ ሳታዘው ወደ ጃኬቷ የውስጥ ኪስ ገባ።

የፓራፋንጎው ብሎኖች አሥር ቁጥር ናቸው። ጭቃው ላይ ተንበርክካ ፈታቻቸው፣ ፕላስቲኩን ነቅላ ቁጥቋጦ ሥር ወረወረችው፣ ሞተሩን አስነሳች። የሚከለክለው ያጣው ጭቃ አሁን ወደ ፊቷ ይረጫል፤ በጓንቷ ጀርባ እየጠረገች ከጭቃው ወጣች፣ አሸዋው አፋፍ ደረሰች። ከእግር ማሳረፊያው ላይ ብድግ ብላ ቆመች። መሪውን እንዳታንቅ ጣቶቿን ፈታ አደረገች፤ ባሏ እጅሽ ነው ያለው ለካ እሱም ውሸት አልነበረም። ነዳጅ ሰጠች። ጎማው አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ፈለገ፣ ከዚያ አሸዋው አናት ላይ ወጥቶ ተንሳፈፈ። ተንሳፈፈ! የወደቀችባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ አንድ በአንድ አለፈቻቸው።

አዋላጇ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ነበር። ከእግር እስከ ራስ ጭቃ የሆነች ፍጡር ስትመጣባት፣ "ማን ነሽ አንቺ?" አለች።

"ደሙ ነኝ" አለች ድንቢጥ።

አዋላጇ ሣጥኑን ነጥቃ ሮጠች። ድንቢጥ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳውን እንዳታቆሽሽ ሳትደገፍ ቆማ ጠበቀች። አዋላጇ ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ላይ ሳቅ ነበር፤ "ዓይኗን ገልጣ ልጄን አምጡልኝ አለች" አለቻት። ድንቢጥ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ኔትወርክ የሚገኘው የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ነው። ደወለች። ባሏ አሎ እንኳ አላላትም።

"ፓራፋንጎው! ፓራፋንጎው ዝቅ ብሏል፣ ጭቃ ካለ ጎማውን ያስረዋል! አሁን ነው የታየኝ፤ ስደውል ስደውል..."

"ፈታሁት።"

"በምን ፈታሽው?"

"በቀለበቴ፣ በአሥር ቁጥሯ።"

"አሸዋውስ?" አላት።

"ተሻገርኩ።"

"እውነቱን ልንገርሽ?" አለ። "እንዳይሆንልሽ ነበር የምፈልገው። መንገዱን ለመኪናው ሰጥተውት አንቺ ከተማ ውስጥ እንድትቀሪልኝ።"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"እንዳይሆንልኝ ከፈለግክ፣ ጣቴ መሬት እንዲነካ ያደረገው ማን ነው ታዲያ?"

ኃላፊው በማግሥቱ ከአዋላጇ ጋር በስልክ ተነጋገሩና፣ ሾፌሮቹ በተሰበሰቡበት የሞተሩን ቁልፍ መዳፏ ላይ አኖሩላት። መንገዱ የድንቢጥ ሆኖ ቀረ። ሾፌሮቹ አዲስ ተረብ ሲፈልጉ ሰነበቱ፤ አልተሳካላቸውም።

ጎሚስታው ጭቃ የሚያሳልፍ፣ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ አዲስ ፓራፋንጎ ሠራ። እሑድ ዕለት ከሱቁ በር ወጥቶ ሞተሩን ሁለት ጊዜ ዞረው። "ክፍተቱን ቦታው ላይ ሄጄ በዓይኔ ማየት አለብኝ" አለ። የሰው ሄልሜት ተውሶ መጥቷል። ድንቢጥ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተጠጋችለት። ከኋላዋ ወጥቶ ወገቧን ሲይዛት ትንፋሽ አሳጣት፤ ተራራውን በሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የጨረሰው። አሸዋው አፋፍ ላይ ቆማ፣ "ልመለስ?" ብትለው ጭንቅላቱን በእምቢታ ነቀነቀ።

ገቡ። መሃል ላይ ሲደርሱ መሪው ትንሽ ተወዛወዘ። ድንቢጥ ጆሮዋን ጥላ ያንን የየማለዳውን "ቀስ በይ" ጠበቀች።

"ስጪው!" ብሎ ጮኸ ጎሚስታው ከኋላዋ። "ነዳጅ ስጪው እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!"

ሰጠችው።