በቃሌ የያዝሁት ድራማ

ትምህርቴን ያቆምሁት ከአራተኛ ክፍል ነው። ማንበብ አያቅተኝም፤ ግን ፊደል በፊደል እየለቀምሁ ነው የማነበው። ደብረ ታቦር ከቴአትር ቡድን ጋር መድረክ ላይ ስንሠራ ይህ ማንንም አላስቸገረም። ልምምዱ ረጅም ስለሆነ ቃሉ በጆሮዬ ገብቶ ይቀመጣል። የሚያስጨንቀኝ ጉዞው ነበር። ቡድኑ ወደ ነፋስ መውጫ ሲወጣ ማደር አለ፤ እኔ ደግሞ ልጆቼን ትቼ ባደርሁ ቁጥር ቤቱ የተቃጠለ ይመስለኛል።

ስለዚህ ባሕር ዳር ለሬዲዮ ድራማ ሲፈልጉኝ እሺ አልሁ፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ሬዲዮ ላይ ተዋናዩ ሁሉ ከወረቀት እያነበበ እንደሚቀረጽ ያወቅሁት ከተስማማሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ ሥራ ከመሄዱ በፊት ጠዋት ጠዋት ጽሑፉን አነበበልኝ፤ የራሴንም የሌሎቹንም በቃሌ ያዝሁ። ሚኒባስ ውስጥም ሳነበንብ ሄድሁ። በድራማው የተከዳች ሚስት ነበርሁ። ሐሙሲት ላይ ዶሮ ታቅፈው የገቡ እናት ሲያዳምጡኝ ቆዩና፣ «ተይው ልጄ፣ ይሂድ። አንቺ ልጆችሽን አሳድጊ» አሉኝ።

ስቱዲዮ ውስጥ ወረቀቱን እንደ ሌሎቹ ዘርግቼ ያዝሁ። አንድ ቃል አልሳትሁም። ስንጨርስ አዘጋጁ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ሰው ነው፣ ከመስተዋቱ ወዲያ ካለው የመቅረጫ ክፍል ወጥቶ መጣ።

«እትዬ፣ ሁሉም ገጽ ሲገለብጥ እርስዎ ከመጀመሪያው ገጽ አልተነሡም» አለኝ።

ልዋሽ አሰብሁ፤ ግን ዛሬ ብዋሽ የሚመጣው ሳምንት ምን ልል ነው? ካሰናበተኝ ደግሞ የሚቀረኝ ማደር ያለበት መድረክ ብቻ ነው።

«ንባብ ላይ ቀርፋፋ ነኝ። በቃሌ ነው የያዝሁት» አልሁት።

«እኔ እኮ እዚሁ ቆሜ ቃል እቀይራለሁ።»

«ንገረኛ። አንድ ጊዜ ከሰማሁ ይበቃኛል።»

ከሚቀጥለው ክፍል ግማሽ ገጽ አነበበልኝ። የእኔን መለስሁለት፤ ከድንጋጤዬ የተነሣ ባል ሆኖ የሚሠራውን ሰው ቃልም አብሬ አልሁት።

«የእኔን እንኳ ተይልኝ እንጂ፣ በምን እንጀራ ልበላ ነው?» አለ ሰውየው። ሁሉም ሳቁ።

አዘጋጁም ከእንግዲህ ወረቀት እንዳልይዝ ነገረኝ፤ ቢያንስ ኮሽታ ይቀንስልናል አለ። በዚያው ሬዲዮ ላይ ዓመታት ሠራሁ። ድምፄን የሰሙ ሰዎች በኋላ ለፊልም ፈልገውኝ መጡ። የመጀመሪያውን የቀረጹት እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ሲሰጡን ሌሎቹ ጥላ ፍለጋ ሄዱ፤ እኔ ከነፊልም ልብሴ ባጃጅ ይዤ ቤቴ ደርሼ ልጆቼን አየሁና ተመለስሁ።