ወገቤና «ተማም» የምትባል ቃል

ከመተማ እስከ ገዳሪፍ የእኔን ያህል ጀርባ ያለው ወንድ አልተፈጠረም። ሰሊጥ ስንጭን አንድ ጆንያ በቀኝ፣ አንድ ጆንያ በግራ፣ ደከመኝ ያለውን ባለሰሊጥ ደግሞ አናቴ ላይ አስቀምጬ እሄድ ነበር። ይህን ጀርባ የጣለው ታዲያ አንበሳ አይደለም። አንድ ከረጢት የበግ መኖ ነው።

ከፖርት ሱዳን በግ በሚያመላልስ መርከብ ላይ መርከበኛ ነበርኩ። ማዕበሉ መርከቡን ያዘነብለዋል። ጎንበስ ብዬ መኖውን አነሳሁ። ወገቤ ቋ አለ። ቀና ማለት አቃተኝ። ግራ እግሬ ነደደ። ከዚያ ደነዘዘ። አብሮኝ የሚሠራው የካሰላው ሰው እድሪስ እንደ በግ ተሸክሞ አስተኛኝ።

ወደብ ስንደርስ የባለመርከቡ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። «ከይፍ ሐልክ?» እንዴት ነህ አለኝ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «ተማም! አልሐምዱሊላህ!» አልኩት። ተማም ማለት ደኅና፣ ምንም ያልጎደለው ማለት ነው። እኛ ጎንደሬዎች፣ ሱዳን ስንኖር ደግሞ ብሶብን፣ ነፍሳችን ጉሮሯችን ላይ ደርሳም ቢሆን ሳናመሰግን ሕመማችንን አንናገርም። ሕመሙ የሚነገረው ከሰላምታው ቀጥሎ ነው። ሐኪሙ ግን ቀጥሎ ያለውን አልጠበቀም። ወገቤን ዳሰስ አደረገና «ደኅና ነኝ ይላል፤ ለሥራ ብቁ ነው» ብሎ ጻፈ። የጉዳት ካሣ ጥያቄዬ በዚህችው ቃል ውድቅ ሆነ።

ገዳሪፍ እያነከስኩ ስገባ ባለቤቴ ጥሩዬ ነገሩን ሰማችና፣ «አንተ ሰው፣ ሐኪም ቤት የገባኸው ልትታይ ነው ወይስ በሽተኛ ልትጠይቅ?» አለችኝ።

ጥቂት ሰንብቶ ሲብስብኝ በረክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ጭና ሆስፒታል ወሰደችኝ። ዶክተሯ ከካርቱም በጦርነት የተፈናቀሉ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ናቸው። እንዴት ነህ አሉኝ። ተማም አልኩ።

«ወንድሜ፣ ሰላምታውን ጨርሰናል። አሁን የማትችለውን ንገረኝ።»

መጎንበስ እንደማልችል፣ ግራ እግሬ ጫማ ይኑረው አይኑረው እንደማያውቅ ነገርኳቸው።

«ሽንትህንስ ትቆጣጠራለህ?»

«ተማም!»

ጥሩዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ዶክተር፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተማም አይደለም። ሱሪውን የማጥበው እኔ ነኝ።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ዶክተሯ አልሳቁም። ኤም አር አይ ተነሳሁ። «የወገብህ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቮቹን ተጭኗል። ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ቀዶ ጥገናው ዛሬ ነው» አሉ።

ፈራሁ። ጥሩዬ እጄን ያዘች። ምንም አልቀለድኩም።

ስነቃ የግራ እግሬ አውራ ጣት ነቅነቅ አለች፤ ንጉሥ እንደተወለደ ሁሉ ክፍሉን በእልልታ ላናውጠው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ በኋላ ፊዚዮቴራፒው ተጀመረና፣ መጀመሪያ አልጋዬን ተደግፌ፣ ቀጥሎ ጥሩዬን ተደግፌ፣ በመጨረሻም በከዘራ እስከ እህል ገበያው ደርሼ ተሸካሚዎቹን «ይህ ደግሞ ጭነት ነው?» እያልኩ እስካናድድ ድረስ ቀስ በቀስ ሰው ሆንኩ።

ካሣውን እንደገና ስጠይቅ ባለመርከቡ «ራሱ ተማም ብሏል» ብሎ ተከራከረ። ዶክተሯ ታዲያ በሕክምና ማስረጃቸው ላይ «ተማም ሰላምታ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም» ብለው ጻፉለት። እድሪስም እዚያው መርከብ ላይ እየሠራ፣ ጌቶቹ እንደሚቀየሙት እያወቀ፣ መኖውን ሳነሳ እንዳየኝ መሰከረ። ባለመርከቡም ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰና የማይድን መሆኑን አመነ። ዛሬ ቤታችን ድስት የሚጣደው በዚያ ካሣ ነው። ሁለቱንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጥሩዬንማ በምን አፌ!

እንግዲህ አንተ በባሕር ላይ የምትሠራ ወንድሜ፣ አንዳች ነገር ቋ ሲልብህ በዚያው ቀን ካፒቴኑ ይመዝግብልህ። ያየህን ሰው አትልቀቀው። ሐኪም ሲጠይቅህ ከማትችለው ጀምር፤ ምስጋናውን ስትወጣ ታደርሳለህ። በጭኖችህ መካከል ከደነዘዘህ፣ ወይም ሽንትህ ካመለጠህ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ሂድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

እኔ ሁለት ቀን ስለደበቅኩ፣ የነርቩ ጉዳት ሙሉ በሙሉ አልዳነልኝም። ይህን የምጽፍልህ ዳይፐር ታጥቄ ነው።