አባቴን እርሻ ያስቆምኩት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ አንድ ባንድ ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ መስቀሉን ስሜ እነሳለሁ። አባቴ ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈ። ሰው ሁሉ «አባቷን በወጉ አስታማ የቀበረች» እያለ ያመሰግነኛል። ቆሽቴን የሚያሳርረው ይኸው ምስጋና ነው። እናንተ አታውቁኝም፤ እንግዲያው ለእናንተ ልንገራችሁ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ወግዲ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ነው። እኔ አረብ አገር በሰው ቤት ስሠራ፣ ልጄን ሰናይትን ገና ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደገልኝ እሱ ነው። የፕሮስቴት ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፣ ከእንግዲህ ህመሙን ማስታገስ እንጂ ማዳን አይቻልም ብለው ሐኪሞቹ ሲነግሩኝ፣ መካነ ሰላም እኔ ቤት አመጣሁት። ሰናይት ያን ጊዜ አቀስታ ታስተምር ነበር። ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

ሲስተር አለምነሽ የምትባል ነርስ እየመጣች ታየው ነበር። መጀመሪያ የህመም ማስታገሻ ሽሮፑን በሰዓቱ እንዴት እንደምሰጠው አሳየችኝ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «አባባ፣ መድኃኒቱ የሚችለውን ያህል ይይዝልዎታል፤ እርስዎ ደግሞ ያግዙታል። ህመሙ ሲነሳ ትንፋሽዎን ቀስ አድርገው ይሳቡ፣ ቀስ አድርገው ይልቀቁ። ከዚያ በደንብ የሚያውቁትን ሥራ ይያዙና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳብዎ ይሥሩት። ሐሳብ ሁሉ ህመሙ ላይ ሲውል ህመሙ ይብሳል» አለችው።

አባቴ ሳቀ። «እኔ ከእርሻ በቀር ምን አውቃለሁ ልጄ?»

«እሱኑ ይያዙዋ!»

ያዘው እላችኋለሁ! ህመሙ ሲመጣበት ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ከዚያ እርፍ እንደጨበጠ ሰው የአልጋውን ብረት ጭብጥ ያደርጋል። ቦራ እና ጉራች የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሩት፤ ከሸጣቸው ቆይቷል። እነሱን ይጠምዳል። «በል እንጂ ቦራ! ጉራች፣ ዙር! አይ አንተ ሰነፍ!» ድምፁ የሜዳ ድምፅ ነው፣ ክፍሉ አይበቃውም። አንዱን ትልም ጨርሶ ይዞራል፣ ድንጋይ ሲያጋጥመው ይራገማል፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው ብሎ በሬዎቹን ያጣድፋል። ህመሙ አይጠፋም፤ ግን የተኮማተረ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲፈታ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ሲጨርስ «ዛሬስ የላይኛውን ማሳ ገለበጥኩት» ብሎኝ እህል ጠይቆ በላ። ከዚህ ወዲያ ምን ፈለግኩ? ምን ጎደለኝ?

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ በአጥሩ ብቅ ብላ «አባትሽ ማንን ነው እንዲህ የሚቆጡት?» አለችኝ። ይኸው ነው። ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። በዚያው ሳምንት ደግሞ ሰናይትን ለመጠየቅ ከአቀስታ ሽማግሌ ሊመጣ ቀን ተቆርጧል። አያትየው ከሌሉ በሬዎች ጋር ሲጨቃጨቅ ሊሰሙት! «የእብድ ዘር ናት» ብለው ሲመለሱ ታየኝ። ማን አለ? ማንም አላለም። እኔው አልኩት፣ እኔው ሰማሁት፣ እኔው ደነገጥኩ። «ነርሷ ለህመሙ ያስተማረችው ነው» ብል ያልቅ ነበር። በሰው አገር አረብኛ ለምጄ የመጣሁ ሴት በገዛ አማርኛዬ ይህን ማለት አቃተኝ? ወይ ነዶ!

ገባሁና «አባዬ፣ ይህን ነገር ተወው። ሰው እየሰማ ነው። የሰናይትን ነገር እንዳታበላሽብኝ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ለሰናይት ከሆነ እሺ» አለ። ቆይቶ ደግሞ «በልቤ ልሞክረዋ» አለኝ።

ሞከረም። ግን ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን በሬዎቹን በአፉ ነው የነዳው። ዝም ብሎ ሲሞክር ሁለት ትልም ሳይሄድ ህመሙ ይቀድመዋል። ይህን እያየሁ ነው ዝም ያልኩት።

ሽማግሌዎቹ እሑድ መጡ። የአባቴን ክፍል በር ዘጋሁት። ታላቅየው ሽማግሌ «አያትየው ታመዋል አሉን፤ ገብተን እንጠይቃቸው እንጂ» ቢሉ «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው» ብዬ ዋሸሁ። እነሱን ሸኝቼ ስገባ አባቴ የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ይንቀጠቀጣል፤ ትራሱ በላብ ርሷል።

«ተስማሙ?» አለኝ።

«ተስማሙ።»

«ተመስገን።»

ያን ጊዜ እንኳ «በል አሁን ጥመዳቸው» ብለው ምን ነበረበት? አላልኩም። ሰርጉ ቀርቧል፣ አማቾቹ ይመላለሳሉ፣ እያልኩ ምክንያት ስደረድር ቆየሁ። ሲስተር አለምነሽ ስትመጣ ገና ከመቀመጧ «እርሻው እንዴት ይዞዎታል?» ብላ ጠየቀችው። ቀደም አልኩና «ሰልችቶት ተወው» አልኳት። አባቴ ሰምቶኛል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ እንጂ አላጋለጠኝም። «ታዲያ ህመሙ ቀለል አለልዎት?» ስትለው «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። የእኛ ሰው ሞቱ አፋፍ ላይ ሆኖም ይህንኑ እንደሚል እኔ አላውቅም? አውቃለሁ! ብናገር ኖሮ መድኃኒቱን ታስጨምርለት ነበር። መድኃኒቱ ባለበት ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ህመሙ ሲነሳበት መጀመሪያ የሚለው «ሰው አለ?» ነው። አለ ስለው ጋቢውን ይነክሳል። አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ደጃፉ ላይ ምስር እየለቀምኩ ሳለሁ «ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ግቢው ባዶ ነበር። እትዬ ብርቄም ገበያ ወርዳለች። በመንገዱም የሚያልፍ አልነበረም።

«አለ» አልኩት።

ለምን? እንዲያው ለምን? ደክሞኝ ነበር ልበል? ያልደከመው ማን አለ? አማች አልነበረ፣ ሽማግሌ አልነበረ፣ ስም የሚያጠፋ ሰው አልነበረ። ጩኸቱን መስማት ስለሰለቸኝ ነው። የሰለቸው እሱን ሳይሆን እኔን ነው። «የለም» ብለው ኖሮ ያርስ ነበር። «አለ» አልኩት፤ እሱም «እሺ» አለኝ። የወለደኝ ሰው፣ ልጄን ያሳደገልኝ ሰው፣ እንደ ሕፃን «እሺ» አለኝ። እኔም ምስሬን ለቀምኩ።

በሳምንቱ ሞተ። ሰርጉ በሐዘኑ ምክንያት ተላለፈ እንጂ አልቀረም። በልቅሶው ላይ እትዬ ብርቄ አጠገቤ ተቀምጣ «ያ ድምፃቸው ጠፍቶብኝ ሰነበተ፤ ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር» ስትለኝ እዚያው መሬት ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ደክሟት ነው፣ ጨንቋት ነው እንድትሉልኝም አልፈልግም፤ ያን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ፣ አልያዘልኝም። ሰናይት አግብታ አቀስታ ትኖራለች። ባለፈው መጥታ ለባሏ እህት ስታወራ ሰማኋት፦ «አያቴ እኮ ምንም ሳይሰቃይ ነው ያረፈው። እማዬ እንዲህ ተንከባክባው፣ ድምፁ እንኳ ሳይሰማ።» ልጄ የምትጽናናው በዚህ ነው። ለማያውቁኝ ሰዎች ብዬ የጀመርኩትን ይህን ወረቀት ዛሬ አጥፌ አንቺው ጋ ልልከው ነው ሰናይት። አያትሽ ዝም ያለው ስላላመመው አልነበረም። ዝም በል ስላልኩት ነው።