ከውድድር በላይ የሆነው ሥዕል

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በዲላ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የነበርነው እነዚህ ነን። በረጅሙ ጠረጴዛ መካከል የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ፣ ሰብሳቢያችን። በቀኛቸው የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ የተቀረጹ ሦስት እርሳሶች በደረት ኪሳቸው ሰክተው። በግራቸው ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው የቡና ነጋዴ። ከሐጂ ቀጥሎ ወይዘሮዋ፤ ለክሊኒኩ የእናቶች ክፍል ገንዘብ የሚያሰባስበው ኮሚቴ የሳቸው ነበር። በጠረጴዛው ጫፍ፣ አንድ እግሩ በሚነቃነቅ ወንበር ላይ፣ እኔ። በሩን ዘበኛው ይዞ ቆሟል። በረንዳው ላይ ውጤት የሚጠብቁ ሁለት ሠዓሊዎች ነበሩ፤ አንዱ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፣ ሌላው ከጪጩ በእግሩ የመጣ፣ በቡና ጆንያ ላይ የነጋዴ ምልክት የሚቀባ ሰው።

እኔን የጠሩኝ የሱቅ ሰሌዳ ስለምጽፍ ነው። ሥዕል ያስተማረኝ የለም፤ ከጣሳና ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ እያየሁ የለመድኩት ነው። ርእሰ መምህሩ «ቢያንስ አንድ ብሩሽ የሚያውቅ ሰው ይኑር» ብለው አስገቡኝ። ሌሎቹ የገቡት ጠረጴዛ ባለበት ሁሉ ወንበር ስለሚገባቸው ነው።

ሥዕሎቹ በማግሥቱ በሐራጅ ይሸጣሉ፤ የእኛ ሥራ ደረጃ ማውጣት ነበር። አንደኛ የወጣው ሠዓሊ ደግሞ የእናቶቹን ክፍል ግድግዳ በደመወዝ እንዲሥል ተወስኗል። ጸሐፊው ደመወዝ አለው፤ ለሱ ይህ ጌጥ ነበር። የጪጩው ሰው ግን ሥራው ከቡናው ጋር ያልቃል። ጊዜው ሚያዝያ ነው፤ የሚቀባው ጆንያ ከቀረ ወራት አልፈዋል። ጠዋት በረንዳው ላይ ሲያገኘኝ «የግድግዳው ሥራ ምን ያህል ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ስድስት ወር ይሆናል» አልኩት።

በጣቱ ቆጠረ። «ይደርሳል። ያኔ ቡናው ቀልቶ ይለቀማል፤ ጆንያም ይመጣል» አለ።

ርእሰ መምህሩ የማርክ መስጫ ወረቀት አዘጋጅተው ነበር። ንጽሕና ከአሥር፣ አቀማመጥ ከአሥር፣ ጠባይ ከአሥር። የተማሪዎቹን ወረቀት ነው እንዳለ ያመጡት። ሥዕል ጠባይ እንዳለው ያን ዕለት ተማርኩ።

አሥራ አንድ ሥራ ቀረበ። ሽፋሽፍት ያለው አንበሳ ነበር። ከፔርሙስ ላይ የተቀዳ ጽጌረዳ ነበር፤ ወይዘሮዋ እሱን አይተው «ይሄ ነው ሥዕል!» አሉ። ከብስኩት ቆርቆሮ የተገለበጠ ነጭ ወፍ፣ አንገቱን እንደ መንጠቆ አጥፎ ውኃ ላይ ተንሳፏል።

«ምንድን ነው? ዶሮ ነው?» አሉ ሐጂ።

«የፈረንጅ ዝይ ነው» አሉ ርእሰ መምህሩ፤ ለንጽሕናው ዘጠኝ ሰጡት።

የጪጩው ሰው ሥዕል በተተረተረ ጆንያ ላይ ነበር፤ በጆንያ ቀለም፣ በቀይ አፈርና በኖራ የተሠራ። ዘጠኝ ሴቶች በቡና ማድረቂያ አልጋ ዙሪያ ሆነው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። ስምንቱ ጎንብሰዋል፤ አንዷ ወገቧን ይዛ ቀና ብላለች። የአልጋው ሽቦ በረገበበት በኩል ቡናው ተንሸራቶ ተከማችቷል። ይህን አልጋው አጠገብ የዋለ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲሸጡ ኖረው አንድም ቀን ያዩት አይመስለኝም።

«ይቺ ለምን ቆመች?» አሉ።

«ወገቧን አሟት ይሆናል፣ ሐጂ» አልኩ።

«የእኔ ሠራተኛ ብትሆን አትቆምም ነበር።»

«ፊታቸውስ የታለ?» አሉ ወይዘሮዋ። «እንግዳ ቤቴ መጥቶ ይህን ቢያይ ምን ይላል?»

«ቡና እየለቀሙ ነው ይላል፣ እትዬ።»

ወይዘሮዋ ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልዞሩም። ሰብሳቢው ሥዕሉን በጣታቸው ነካ አድርገው «ጆንያው የማን ነው? አስፈቅዶ ነው የወሰደው?» ብለው ጠየቁ። ሥዕሉን በተመለከተ የሰጡት አስተያየት ይኸው ብቻ ነበር።

እንዲህም ሆኖ ማርኩ ሲደመር በሁለት ነጥብ መራ። የእኔ ሠላሳ ከሠላሳ ነው የረዳው፤ አልደብቅም።

የቀረው የጸሐፊው ነበር። ጨርቁ ሲገለጥ አራቱም ብድግ አሉ። እኔም ተነሣሁ። የጃንሆይ ሥዕል ነበር።

ጸሐፊው ፎቶግራፉን ከመስኮት መስታወት ላይ ለጥፎ በጀርባው በኩል ነበር የቀዳው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ተገልብጧል፤ ኒሻኖቹ በቀኝ ደረት፣ ሰይፉ በቀኝ ወገብ፣ ሪባኑ በማያልፍበት ትከሻ። ማንም አልተቀመጠም። ርእሰ መምህሩ በልማዳቸው እርሳሳቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ቀጥ አሉ።

«ጠባይ ስንት እንበል?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለጃንሆይ ነው የጠባይ ማርክ የምትሰጠው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ኧረ በጭራሽ ጌታዬ! ለሥዕሉ ነው።»

«ፊቱ የማን ነው?»

ርእሰ መምህሩ እርሳሱን ኪሳቸው መለሱ።

ዝም ማለት የኔ ልማድ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አቃተኝ። «ኒሻኖቹ በቀኝ በኩል ናቸው» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ የግርማዊነታቸውን ኒሻን ቦታ ልታስተምረን ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«እዚያ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ማየት ይቻላል፣ ጌታዬ።»

ፎቶግራፉ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ነበር። አራት አንገት፣ አንዱም አልዞረም። የዞረ ሰው ያየዋል፤ ያየ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ማለት አለበት።

ሐጂ ብቻ እንደ ነጋዴ አሰቡ። «የነገው ሐራጅ ይታያችሁ» አሉ። «በዚህ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ የጠራ አለቀለት። ሌላው ከፍ አድርጎ ሲጠራ ዝም ያለም አለቀለት። ደግሞስ ጃንሆይን በሐራጅ ሸጡ ቢባል?»

ወይዘሮዋ ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። ያኔ ነው ብልህ የሆንኩ የመሰለኝ።

«ጃንሆይ ከማንም ጋር አይወዳደሩም» አልኩ። «ሥዕሉ ከውድድር በላይ ነው ይባል። ማርክ አይሰጠው፣ ሐራጅም አይውጣ።»

ሁሉም ተነፈሱ። ሰብሳቢው «ይህ ልጅ ዝም ይላል እንጂ ያስባል!» አሉ። እኔ በሆዴ የጪጩውን ሰው ግድግዳው ፊት አቁሜው ነበር። ሰብሳቢው ግን አልጨረሱም።

«እንግዲህ ከውድድር በላይ የሆነውን የሠራ ሰው፣ በውድድር ካሸነፈው ያነሰ ሊያገኝ አይገባም። ግድግዳው የጸሐፊው ነው። የምትስማሙ እጅ አውጡ።»

ውጤቱን እንድናገር የተላክሁት እኔ ነበርኩ። የጪጩው ሰው ከደረጃው ላይ ተነሣ።

«አንደኛ ወጥተሃል» አልኩት።

«ግድግዳውስ?»

«ለጸሐፊው ተሰጠ።»

«እሱ ስንተኛ ወጣ?»

«እሱ አልተወዳደረም።»

ቀልድ መስሎት ፊቴን አየኝ። ከዚያ ሥዕሉን እንድመልስለት ጠየቀኝ፤ ለሐራጅ ተመዝግቧል አልኩት። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ሳይጠለል ሄደ።

በማግሥቱ ሥዕሉን ሐጂ ያለ ተጫራች ወሰዱት። ለቃሚዎች በሚሠሩበት መጋዘን ሰቅለውት አየሁ፤ የቆመችዋን ሴት በከዘራቸው እያሳዩ «እንዲህ መሆን የለም» ይሏቸዋል። ጸሐፊው የእናቶቹን ክፍል በሦስት ሳምንት ጨረሰው፤ ግድግዳው ሙሉ ከዚያው የብስኩት ቆርቆሮ የተቀዳ የፈረንጅ ዝይ ነው። የጪጩው ሰው ወደ ጨለለቅቱ ሥራ ፍለጋ ሄደ አሉ፤ እኔ ዳግም አላየሁትም።

የእያንዳንዱን ሥዕል ማርክ እስካሁን አስታውሳለሁ። እጅ አውጡ ሲባል የአራቱ እጅ መውጣቱንም አስታውሳለሁ። የእኔ ግን ይውጣ አይውጣ አላውቅም፤ አሰብኩት፣ አሰብኩት፣ አይመጣልኝም። በዚያ አዳራሽ የነበራችሁ ያያችሁትን ጨምሩበት፤ ለእኔ ብላችሁ አታለዝቡት። ዘበኛው ከበሩ ሆኖ ሁላችንንም ያየን ነበር፤ የሚያገኘው ሰው ይጠይቅልኝ። ጨለለቅቱ ያላችሁም፣ ያ ሰው እዚያ ምን ሥራ እንዳገኘ የምታውቁ ከሆነ ንገሩኝ።