አንቀልባ ይዤ ወደ መካነ ኢየሱስ

ሰኞ

ከንፋስ መውጫ መናኸሪያ ስነሳ ሦስት ሰዎች ሊሸኙኝ መጥተው ነበር። ወንድሜ አዳነ የሚኒባሱን በር ይዞ ቆሟል። ሚስቱ ጥሩዬ በውጭ በኩል፣ ከመቀመጫዬ መስኮት ትይዩ። ልጃቸው መሠረት ራቅ ብላ፣ ከባጃጆቹ አጠገብ ስልኳን ታያለች።

"ይዘሻቸው ነይ፤ ብቻሽን እንዳትመጪ" አለኝ ወንድሜ።

ጉልበቴ ላይ ባለው ዘንቢል ውስጥ ልጄን ስንታየሁን ያዘልኩበት የቆዳ አንቀልባ አለ። ስንታየሁ መካነ ኢየሱስ አስተማሪ ናት። ባሏ ሥራው ባሕር ዳር ነው። ሶልያና የምትባል የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ አለቻቸው። መንገድ ተዘግቶ በሰነበተ ጊዜ ሶልያና መታመሟን የሰማሁት ከዳነች በኋላ ነው። ስለዚህ ከቤቴ አንዱን ክፍል አስለሰንኩ፤ ዝውውር ጠይቃ ልጇን በዘመድ መካከል እንድታሳድግ ልነግራት ተነሣሁ።

ጉና ላይ ጉም ወርዶ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነዳ። ክምር ድንጋይ ስንቆም የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላሁ። ደብረ ታቦር መኪና ለወጥኩ። ከዚያ በኋላ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ሰው በረድፍ ሆኖ ያጭዳል።

"ዛሬ እኔም የሰው ማሳ ላይ መዋል ነበረብኝ" አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ። "ወንፈል ነው። እነሱ ባለፈው ሳምንት የእኔን አጭደዋል። ሸሽቶ ሄደ እንዳይሉኝ፣ ልጄን ተክቻለሁ።"

በስምንት ሰዓት ደረስኩ። ስንታየሁ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ሶልያና የጎረቤቷ የየሺ ጀርባ ላይ ናት። እጄን ብዘረጋላት ፊቷን የየሺ ትከሻ ላይ ደፋች።

"ኧረ አያትሽ ናቸው!" አለች የሺ። "አይዞዎት እማማ፣ እኔንም መጀመሪያ እንዲሁ ነው ያኮረፈችኝ።"

ዘንቢሌን አስቀመጥኩ።

ስንታየሁ ስትመጣ የመጣሁበትን ነገርኳት።

"እማዬ፣ ሦስት እናቶች በልጅ ወንፈል ገብተናል" አለች። "አንዷ ልጆቹን ስትይዝ ሁለታችን ሥራ እንውላለን። ሶልያና በታመመች ጊዜ ገበያዋን ትታ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት የሺ ናት። እንዴት ጥያቸው እሄዳለሁ?"

"ያለብሽን ከጨረስሽስ?"

"ነገ የእኔ ተራ ነው።"

"አንቺ ፈተናሽን አርሚ። እኔ እይዛቸዋለሁ።"

ማክሰኞ

ሦስቱንም ያዝኩ። የየሺ ልጅ ጫማዬን ባልዲ ውስጥ ነከረው። ሶልያና እስከ ቀትር ከበሩ አልራቀችም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንቅልፍ ሲያንገላጅጃት መጥታ ቀሚሴን ጎተተች። አንቀልባውን አውጥቼ አዘልኳት። ጠፍሩ ትከሻዬ ላይ የድሮ ቦታውን አገኘ። ትንፋሿ ማጅራቴን አሞቀው። ተኝታም ሳላወርዳት ቆየሁ።

የሺ ከገበያ ተመለሰች።

"የስንታየሁን ተራ ጨረስኩላት" አልኳት።

ሳቀች። "የለም እማማ! ከእርሷ ጋር አብረው የሚኖሩ ቢሆኑ ለእርሷ በቆጠርን። የራሱ ቤት ያለው ሰው የሠራው ለራሱ ነው። አሁን እኛ ነን ለእርስዎ አንድ ቀን ያለብን።"

"እኔ የሚያዝልኝ ልጅ የለኝ።"

"ውሃ እንቀዳለን፣ እንጨት እንፈልጣለን። ግን እዚሁ ነው! ንፋስ መውጫ ድረስ አስመጥተው ሊያሠሩን ነው?"

ስንታየሁ የፈተና ወረቀት እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አልሳቀችም፤ ትኩር ብላ ታየኝ ነበር። እኔም ያስለሰንኩትን ክፍል አሰብኩ። እዚያ ቤት ውስጥ ለካ ሰው የሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ስንታየሁ ዘንቢሌን አነሣችና "ቀለለ" አለች። "አንቀልባውስ?"

"ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።"

"ረስተሽው እንዳትሄጂ።"

"አልጋዬንና ልብሴን ወደዚህ ላስጭን ነው የምሄደው። ቤቱን መሠረት ትያዘው።"

ዘንቢሉን መልሳ አስቀመጠችው። ሶልያናን ጉንጯን ሳምኳት። መኪናው ጥሩንባውን ሲነፋ ዘንቢሌን ይዤ ወጣሁ።