አባባ ሜዳ የገቡ ዕለት

አሁንም ኳስ ሲሚንቶ ላይ ስትነጥር ስሰማ ሆዴ ይባባል። «በዚህ ዕድሜሽ ኳስ ያምርሻል?» ይሉኛል። አዎ፣ ያምረኛል! ምን ይጠበስ?

የደብረ ብርሃን የሴቶች ቡድናችን በአገር አቀፉ የቅርጫት ኳስ ሊግ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነው። እኔ የአንኮበር ቄስ ልጅ ነኝ፤ ለትምህርት ወደ ከተማው መጥቼ «የስልክ እንጨት» እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ ቁመቴ ለቁም ነገር የዋለው ያን ዓመት ነው። ጠዋት ልምምድ ስንገባ እጃችንን ቆፈን ይይዘዋል፤ ኳሷን የያዝናት እየመሰለን ታመልጠናለች። አሰልጣኛችን «ቆላ ስወስዳችሁ ሙቀት ገደለን፣ እዚህ ብርድ ገደለን፤ ታዲያ የት ልውሰዳችሁ?» እያለ ይነጫነጭ ነበር። ያ ንጭንጩ ሳይቀር ይናፍቀኛል።

የኔ ሐሳብ ግን ዋንጫ አልነበረም። አባባ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ስጫወት እንዲያዩኝ ነበር የምፈልገው። ልጅዎ ቁምጣ ለብሳ ትሮጣለች የሚለውን ወሬ ያላደረሰላቸው ሰው የለም፤ ኳሷን ቅርጫት ውስጥ ስከት ግን ማን አሳይቷቸው? በሜዳችን የምንጫወትበት ቀን በመጣ ቁጥር እሳቸው ሰሞነኛ ናቸው፤ የሳምንቱ የቅዳሴ ተራ የሳቸው ይሆናል። የቀደሰ ካህን ደግሞ በዚያ ቀን ሩቅ መንገድ አይሄድም። «ልጄ፣ ታቦቱን ትቼ እንዴት ልምጣ?» ይሉኛል በስልክ። «ግድ የለም አባባ» እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን አጠገቤ የተገኘ ሰው አበሳውን ያያል።

የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ሲደርስ አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያላደረጉትን አደረጉ። ሌላ ካህን ለምነው ተራቸውን ሰጡና መጡ። እሑድ ከሰዓት ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሜዳው ዳር ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሳያቸው የማነጥራት ኳስ አመለጠችኝ። ደስታ እንዲህ ያስፈራል እንዴ?

ጨዋታው እንደተጀመረ ኳስ ደረሰችኝ። አንዷን አለፍኳት። ቀለበቱ ሥር ደርሼ ስዘል ሌላዋ በትከሻዋ መጣችብኝና ሲሚንቶው ላይ ተዘረርኩ። ቁርጭምጭሚቴ ቋ አለ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ቀና ብል አባባ መስቀላቸውን ይዘው ሜዳው መሃል ደርሰዋል!

«አባባ፣ እዚህ አይገባም!» ብዬ ጮህኩ።

«ልጄ ወድቃ ነው አይገባም የምትይኝ?» አሉ ቆጣ ብለው።

ዳኛው ሊያስወጣቸው እየሮጠ መጣ። አጠገባቸው ሲደርስ ጎንበስ አለና መስቀል ተሳለመ። ከዚያማ ማን ይቅር! የጣለችኝ ልጅ እንባዋ እየወረደ «ይፍቱኝ አባ» አለች። ከኋላዋ የሁለቱም ቡድን ልጆች ተሰለፉ፤ ያ ነጭናጫ አሰልጣኛችን ሳይቀር። ተመልካቹ ጭብጨባውን አቀለጠው። አባባ ሁሉንም አሳልመው ሲጨርሱ እግሬን በመስቀል ዳበሱልኝ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። ልጆቹ ደግፈው አወጡኝና በዚያው ቀረሁ። አባባ ከጎኔ ተቀምጠው ያበጠ እግሬን እንጂ ጨዋታውን አላዩም።

«ግድ የለም፣ ለከርሞ ያዩኛል» አልኳቸው።

ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረም። በጀት የለም ተባለና ቡድኑ ፈረሰ። አንዷ አረርቲ ሱቅ ከፈተች፣ ሌሎቹ አዲስ አበባ ገቡ፣ የቀሩት የት እንደደረሱ እንጃ። እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ቢሮ ተቀጠርኩ። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ስንት የደከምንበት ቡድን እንዲህ እንደ ዋዛ ይበተናል?

በቅርቡ አባባ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጡ። ከሐኪም ስንመለስ «እስቲ ያቺን ሜዳ ውሰጂኝ» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። ቤት ገብቼ ኳሴን ይዤ ወጣሁ። ሜዳው ስንደርስ ደረጃው ላይ አስቀመጥኳቸው። መረቡ ተበጣጥሶ አልቋል፣ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ ሣር አብቅሏል። በቢሮ ጫማዬ ቆሜ ወረወርኩ። ሳትኩ። ደግሜ ወረወርኩ፤ ገባች! ደግሜ፤ ገባች! ዞር ብዬ አየኋቸው።

«አየሁሽ ልጄ» አሉ። «እሰይ፣ እሰይ! እጅሽ ይባረክ።»

ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን ከቅንድባቸው በላይ አድርገው፣ ጠበብ ባለ ዓይናቸው የሜዳውን ዳርና ዳር እያዩ ነበር።

«እነዚያ ልጆችስ? ዛሬ አይመጡም?»

ቡድኑ መፍረሱን ነግሬያቸው አላውቅም፤ አሁን ልነግራቸው ፈለግሁ። አልሆነልኝም። ኳሷን አቅፌ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ይመጡ ይሆናል፣ አባባ።»

«እንግዲያው እንጠብቃቸዋ» አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።