የአጎቴ ካሜራና የእኔ ወስፌ

የልጅ ልጄ ምሕረት ባለፈው ሰሞን የአጎቴን የአያ ደምሴን ካሜራ ከገጠሩ ቤት ቆጥ ላይ አውርዳ፣ በሚኒባስ እንደ እንግዳ ለብቻው ወንበር አስይዛ ንፋስ መውጫ ከተማ አምጥታው፣ በረንዳዋ ላይ ጆንያውን ስትፈታው የአሮጌ ቆዳና የኮምጣጤ ሽታ አንድ ላይ ወጥቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ካሜራ ስል ኪስ የሚገባውን የዛሬውን እንዳይመስላችሁ። ይኼ ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ከፊቱ መነጽር፣ ከኋላው ብዥ ያለ መስታወት፣ መካከሉ ደግሞ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ጥቁር ቆዳ።

ምሕረት አሠራሩን ከስልኳ ተምራ እንጨቱን ዘይት አጠጣችው፣ ናሱን በአመድና በሎሚ ወለወለችው፣ የተሰነጠቀውን መስታወት ለወጠችው። ከዚያ ባትሪ አብርታ ቆዳው ውስጥ ከተተችና በውጭ በኩል እየዞረች ስትመረምር፣ ጎን ለጎን ሁለት ብርሃን እንደ ኮከብ ብልጭ አሉባት። «እማማ፣ ይኼን አይጥ ነው የበላው?» አለችኝ። አይጥ እንዲህ አስተካክሎ አይበሳም። አይጧ እኔ ነኝ፤ ይኼው ስንት ዘመን አፌን ይዤ ኖሬያለሁ።

አያ ደምሴ የእናቴ ወንድም ነው። ካሜራውን ከየት እንዳመጣው በተጠየቀ ቁጥር ሌላ አገር ይጠራ ነበር። በበቅሎ ጭኖ ከወገዳ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ ይዞራል፤ በቅሎዋ መቆሚያውን እንደ ጅብ ስለምትፈራው እሱን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ሌላው ልጅ እርሳስ ሲይዝ ለእኔ የስፌት ወስፌ ተሰጠኝ፣ እሱንም መቀነቴ ላይ ሰክቼ ነበር የምዞረው።

አጎቴ ሰው ሊያነሳ ሲል ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ብዙ ይቆይና ፈገግ ብሎ ይወጣል። እኔ ታዲያ ሰዎቹ አንሰው ሳጥኑ ውስጥ የሚገቡ ይመስለኝ ነበር። ላያቸው ብለምነው፣ ብርሃን ከገባ ሰዉ ይጠፋል ብሎ ከለከለኝ። አንድ ቀን እሱ ዝክር ተጠርቶ ሲሄድ ወስፌዬን መዘዝኩና የቆዳውን እጥፋት በሳሁ፤ ዓይኔን አስጠግቼ ባይ ጨለማ ብቻ። እነሱም ዝክር ሄደዋል ማለት ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የተነሱት የነፍስ አባታችን ነበሩ። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ከቀኝ ትከሻቸው በላይ እንቁላል የምታህል ነጭ ብርሃን ተቀምጣለች። አጎቴ ደንግጦ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲል እሳቸው ፎቶውን አዩ፣ አማተቡ፣ ምንም ሳይሉ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ባለቤታቸው ግን እንደሳቸው ዝምተኛ አልነበሩም። በሳምንቱ፣ ደምሴ ዘንድ የተነሳ ሰው ጠባቂ መልአኩ አብሮት ይወጣል የሚለው ወሬ እስቴም ጋይንትም ደረሰ።

ሰዉ ጎረፈ። ፀሐይ ሲሆን መልአኩ ይደምቃል፣ ደመና ሲሆን ይደበዝዛል። የደበዘዘበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄድና ጾሞ፣ የተጣላውን ታርቆ፣ ብራ ቀን ጠብቆ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ደምቆለት ይወጣል። በዚያ ዓመት ደመና ስንት ድንበር የተጋፋ ጎረቤት እንደታረቀ እኔ አውቃለሁ። አጎቴ ሲጠየቅ «እኔ የቆመውን ነው የማነሳው» ይል ነበር እንጂ አዎም አይደለምም አይልም፤ ከየት እንደመጣ እሱም አያውቅማ።

ክረምት ገብቶ ቆዳውን ቅባት ሲቀባ ቀዳዳዋን አገኛት። ብል የበላው መስሎት የግልገል ቆዳ በማጣበቂያ ለጠፈባት። መስከረም ሲጠባ መጀመሪያ የተነሳችው የእመት ላቀች ምራት ጥሩአለም ሆነች፤ በፋሲካ ማግስት የተዳረች፣ ጸጉሬን የምትሠራልኝ ደግ ልጅ። ፎቶዋ አጎቴ በዕድሜው ካነሳው ሁሉ የጠራ ነበር፤ የቀሚሷ ጥለት ክሩ ይቆጠራል። እመት ላቀች ትከሻዋን አዩ፤ ፎቶውን ዘቅዝቀው አዩ፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«የልጄ መልአክ ይኼው አለ» አሉ፣ የባሏን የአምናውን ፎቶ ከብብታቸው አውጥተው። «የእሷስ?»

ነገሩ በዚህ ተበላሸ። ምን ብትሠራ ነው ጠባቂዋ የሸሻት ተባለ፤ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ እንደሆን ሽማግሌ ሊቀመጥ ለእሑድ ተቀጠረ። ጥሩአለም ጸጉሬን እየጎነጎነች እንባዋ አንገቴ ላይ ሲንጠባጠብ «ምን እንዳጠፋሁ የሰማሽው ካለ ንገሪኝ» አለችኝ። ሹሩባዬ በግማሽ እንደቀረ ተነስቼ ወደ ነፍስ አባታችን ሮጥኩ።

ሁሉን ተናዘዝኩ። «የእኔንም አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

አርባ ስግደት አዘዙኝና ለአጎቴም በራሴ አፍ እንድነግረው አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው መልአክ በካሜራ እንደማይያዝ አስተማሩ፤ የእኔን ስም አላነሱም። ከሴቶቹ በኩል ግን እመት ላቀች ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው «ታዲያ የእርስዎ መልአክ ቤትዎ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል፣ አባታችን?» አሉ። ሽማግሌዎቹ በተራቸው መሬት መሬት አዩ፤ ሁሉም አንዳንድ መልአክ ቤታቸው አላቸዋ። ነገሩን ለማክሰኞ አሳደሩት።

ለአጎቴ ነገርኩትና ዱላውን ጠበቅሁ። እሱ ግን ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቆላ ያለች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መልአክ የወጣበትን ፎቶዋን ተንተርሳ እንደምትተኛ አነሳና፣ እሷን ወስፌ ነው ብዬ በምን አፌ ልንገራት እያለ ብዙ ተከዘ። በመጨረሻ «ነይ፣ ወስፌሽን አምጪ» አለኝ። «ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ መልሺው።»

የተለጠፈውን ቆዳ በሳሁ፤ አልገባ ያለ መስሎኝ ጎኑን ደግሜ በሳሁ። ማክሰኞ በብራ ፀሐይ ጥሩአለም ሽማግሌዎቹ ፊት እንደገና ተነሳች። ፎቶው ሲወጣ እመት ላቀች ተቀበሉ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ ከዚያ ሰዉን ዞር ብለው አዩት።

«ሁለት ነው» አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ገበያ ሲሄዱ እንኳ ከምራታቸው ኋላ ኋላ ነበር የሚሄዱት። አጎቴንም ባለአንዶቹ ሁሉ እንደገና አንሳን ብለው ስንት ዓመት መግቢያ መውጫ አሳጡት።

ምሕረት ይኼን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያባራ ሁለቱንም ቀዳዳ በስስ ቆዳ አጥብቃ ደፈነች። ከኋላዬ አቡጀዲ ዘርግታ አስቀመጠችኝ፣ ጨርቁን ተከናነበች፣ እንዳይነቃነቁ አለችኝ። ታጥቦ ደርቆ ሲመጣ «አንዲት እንከን የለውም፣ እማማ» ብላ በኩራት ሰጠችኝ። እውነቷን ነው፤ የፊቴ መሥመር ሁሉ አለ። አያ ደምሴ የለም፣ የነፍስ አባታችን የሉም፣ ጥሩአለምንም አምና ቀበርናት፤ ለቀስተኛው ፊት የቆመው ያ ፎቶ ነበር፣ ሁለቱ ብርሃን ከነደማቅነታቸው። የማን ሥራ እንደሆኑ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሆኖም ሳያቸው አማተብኩ።

የራሴን ፎቶ ይዤ ቀኝ ትከሻዬን አየሁ። ዘቀዘቅሁት። ከዚያ ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።

«ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለችኝ ምሕረት።

«ወስፌዬ» አልኳት።